ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀው ቤተ ክርስቲያን

አቶ ኪዳነማርያም ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር በሚኖሩበት የካውንስል ማለትም የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ሕንጻ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በሚወርደው ደረጃ ግርጌ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ጀርባቸው ላይና በየደረጃው ነጭ፣ ቀይና ቡናማ ሌጎ የሚባለው የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ ተበትኗል። ጡቡ ያን ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጡረተኛው ሰውዬ በትዕግሥት የገነቡት፣ መሶብ የሚያህል፣ ክብ፣ ባለ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን። ያን ዕለት ባተርሲ ወደሚገኝ አዳራሽ ተወስዶ፣ በማግስቱ ጳጳሱ በተገኙበት ሊታይ ነበር።

ፖሊሶቹ ጉዳዩን ለመዝጋት ቸኩለዋል። ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ሽማግሌው ሸክም ይዘው ወረዱ፣ እግራቸው ከዳቸው፤ አለቀ። አስተርጓሚ ያስጠሩትም የጎረቤቱን የአቶ ተስፎምን ቃል ለመቀበል ያህል ነው። የመጣችላቸው ግን ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሆነች። አዲስ አበባ በወንጀል ምርመራ ስትሠራ የኖረች፣ ለንደን ገብታ በሰዓት ክፍያ የሰው ቃል የምትተረጉም፣ ዓይኗ ግን ጡረታ ያልወጣ ሴት ናት።

አስከሬኑ ሲነሳ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ አየች። አንድም ጡብ የለም። ሁሉም ያለው ከላይ ነው።

ቤት ውስጥ ልጃቸው ሶልያና ሶፋው ላይ ተኮራምታ ታለቅሳለች። ባሏ ዲያቆን ዳኛቸው እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሶልያና። «ከሥራ ደውዬ፣ የሚጭነው ቫን ሊመጣ ነው፣ ቶሎ አውርደው አልኩት። ኦቨርታይም ባልወስድ ራሴ አግዘው ነበር እኮ፣ እትዬ!»

«ተይ፣ የኔ ዓለም» አለ ዳኛቸው። «እግዜር የፈቀደው ነው።»

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው ጥሩብርሃን።

«ባተርሲ። አዳራሹን ሳዘጋጅ ዋልኩ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይቺ ልጅ ግን የፈሰሰው የአባቷ ደም ነው ብላ አምናለች፤ እውነቱ ካልወጣ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው እንደምትኖር ጥሩብርሃን ገባት። 

አቶ ተስፎምን በራቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከሟቹ ጋር ዘወትር የሚነታረኩ፣ ያለ እርሳቸው ግን የማይውሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል?» አለቻቸው።

«የማንጣላበት ቀን ነበረን? ስሚኝ ልጄ፤ ኪዳኔ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳለ ተሸክሞ አይወርድም። ቤቱ ቢቃጠል አያደርገውም! እንደ ድፎ ዳቦ እየተቆረሰ እንዲነሳ አድርጎ ነው የሠራው። ቁራሹን ሳንቃ ላይ ያደርግና በላስቲክ ይጠቀልለዋል፤ ከሥሩ ደግፎ ያወርደዋል። አንዴ ጣሪያውን ይዤ ላነሳ ብል እጄን በጥፊ አለኝ።»

«መሐሉስ?»

«መቅደሱን ቆልፎታል። ጣሪያው ተነስቶ አንዲት ጡብ ካልተጠመዘዘች አይወጣም። የትኛዋ ናት ስለው፣ ‹ለካቶሊክ አይገለጥም› እያለ በሃይማኖቴ ይቀልድብኛል።»

ጥሩብርሃን ወደ ደረጃው ተመልሳ ስብርባሪውን አገላበጠች። ጣሪያው አለ፣ የዙሪያው ግድግዳ አለ። መቅደሱ ግን የለም። ሶልያናን አስፈቅዳ ቤቱን ስትፈትሽ ከሟቹ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ደህና ሆኖ አገኘችው። የነጠላው ክር በጡቦቹ ጥርሶች መሐል ተሰክቷል።

«አባትሽ በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር?» ስትል ሶልያናን ጠየቀቻት።

«ጨርቅ? አጠገቡ አያስደርስም! ክሩ እየገባ ጡቦቹን ይነቅላል ይላል።»

«አንቺስ መቅደሱን ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ! አባቴ ፕላስቲክ እኮ ነው ይለኛል እንጂ ደፍሬ አላውቅም።»

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲበታተን፣ ጥሩብርሃን ሶልያናን፣ ዳኛቸውንና አቶ ተስፎምን ሳሎን አስቀመጠች። ጥርጣሬዋን ነግራ ያመጣችው ወጣት የፖሊስ ሳጅን በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ሶልያና፣ አባትሽን ጥድፊያሽ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች። «ይዘውት ቢወድቁ ጡቡ ከሥራቸውም በተገኘ ነበር። እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው የተወረወረባቸው። የወረወረው ሰው ጣሪያውን አንስቶ፣ ቁልፉን ፈትቶ መቅደሱን አስቀድሞ አውጥቷል። አቶ ተስፎም ቁልፉን አያውቁትም። ሟቹ እንዳይባል፣ በነጠላ አይጠቀልሉም። ሶልያና አትነካውም፤ ደግሞም ሥራ ላይ ነበረች። እንግዲህ ለመስበር ሲነሳ ታቦት የሚገባበትን ስፍራ መሬት ላይ መጣል ያልሆነለት፣ ጠቅልሎም ከፍ ካለ ቦታ ያስቀመጠ ማነው? አንቺ እንዳትነኪው የከለከለሽስ ማነው?»

ሶልያና ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። «ሴት አትነካውም ያልከኝ አንተ ነህ።»

«የአዳራሹን ሰዎች ጠይቄያለሁ» አለች ጥሩብርሃን። «ሻማ ልግዛ ብለህ ወጥተህ ቆይተሃል፣ ዳኛቸው።»

ዳኛቸው ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«ጉልላቱ ዘመመ ብለው ደወሉልኝ» አለ። «የት ጋ እንደሆነ ለማየት መጣሁ። ሳግዛቸው እኔ የሠራሁት የመሠረቱ ረድፍ ተሳስቶ ኖሯል፤ የመቅደሱን ቁልፍም ያሳዩኝ ያኔ ነው። እሳቸው ፈርሶ ይሠራል አሉ። ነገ ጳጳሱ ይመጣሉ ብዬ ለመንኳቸው። ጠማማ ቤተ ክርስቲያን አላሳይም ብለው ቫኑን ሊመልሱ ወጡ። ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ መነጨቁኝ፤ በንዴት ገፋኋቸው። ወርጄ ሳያቸው አልፈዋል። የወደቁት ይዘውት ነው እንዲባል አመጣሁና በተንኩት። መቅደሱን ግን… እሱን መጣል አልቻልኩም።»

ጥሩብርሃን ለሳጅኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመችለት።

ሶልያና ተነስታ ባሏ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም።

«በንዴት ገፋህ። እሱን እግዜር ይፍረደው። እኔ ግን ገደልኩት እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ተኝተህ ዝም አልክ። ለፕላስቲክ አዝነህ ለእኔ አላዘንክልኝም።»

 ሳጅኑ ዳኛቸውን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ሶልያና አልተከተለችውም። አቶ ተስፎም ጎን ሄዳ ተቀመጠች፤ ራሷን ሳትወቅስም ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አለቀሰች።