በወርጋም አፍ ውስጥ

ንጉሥ ኤልሞር በዛሬላ ዙፋን በተቀመጠ በወሩ ባሕሩ ደም ለበሰ። ተራራ የሚያህለው የወደቡ ጠባቂ፣ አውሬው ወርጋም፣ መርከቦችን እየሰባበረ ያገሳ ጀመር። ሕዝቡ የአማልክት ቁጣ መሰለው። ነገሩ ግን የድድ ሕመም ነበር።

በዛሬላ ንጉሥ ሲነግሥ፣ ጣት የምታህለውን ባለ ሰማያዊ መስመር ዓሣ፣ ጽዳል የተባለችውን፣ ከባሕሩ ዓለት ጥቂት አጥምዶ በቤተ መንግሥቱ የብርጭቆ ገንዳ ማኖር ወግ ነው። ማክበራቸው ነበር፣ ምስኪኖች! ጽዳል ግን ሥራ ነበራት፤ ወርጋም አፍ እየገባች ድዱን የሚበላውን ትል ትለቅም ነበር። ኤልሞር ደግሞ ከአባቶቹ ልብለጥ ብሎ አንዲት ሳያስቀር አስጠመዳቸው።

«ወርጋምን ነገ በእሳት መርከብ አቃጥለዋለሁ!» አለ ንጉሡ በሸንጎው ፊት።

ዓሦቹን ከእጇ እያበላች የምታሳድጋቸው እህቱ ልዕልት ምልዛር ተነሣች። «ንጉሥ ሆይ፣ እሱ ከሞተ ወደባችንን ማን ይጠብቃል? ድዱን የሚያጸዱለትን ዓሦች ነጥቀነዋል፤ እንመልስለት። ሳላድነው ብመለስ የአባታችን አጥንት ይፋረደኝ!»

ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹን በእንስራ ይዛ፣ ከሽማግሌው ቀዛፊ ከባሻ ድማር ጋር ወርጋም ወደተኛበት ገደል ደረሰች። አውሬው በሕመም አፉን ከፍቶ ያቃስታል። ምልዛር እንስራውን ውኃው ላይ ገለበጠች። በብርጭቆ ውስጥ ከርመው እጇን የለመዱት ዓሦች ግን ጨለማውን አፍ ፈርተው ጣቶቿን ከበቡ።

ስለዚህ እጇን አስገባች። ዓሦቹም ተከትለዋት ገቡ። የመጀመሪያው ትል ሲነቀል ወርጋም በሕመም መንጋጋውን በእጇ ላይ ይገጥም ጀመር።

«እመቤቴ፣ እጅዎን ያውጡት!» ጮኹ ባሻ።

«ካወጣሁት ተከትለውኝ ይወጣሉ! እርስዎ ጀልባዋን ብቻ ይያዙልኝ!»

ጥርሷን ነክሳ ቆየች። ዓሦቹም ትሉን ለቅመው ጨረሱ። አውሬው በረጅሙ ተንፍሶ አፉን ሲከፍት ባሕሩ ጸጥ አለ፤ የምልዛር ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው በታች አልነበረም።

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ገንዳውን በገዛ እጁ ሰበረ። መርከቦችም በሰላም ይወጡ ይገቡ ጀመር።

ምልዛር ቁስሏ ሲሽር ወደ ገደሉ ተመልሳ ግራ እጇን ውኃ ውስጥ ነከረች። ጽዳሎቹ በወርጋም ጥርሶች መካከል ይመላለሳሉ። ስማቸውን እያነሣች ጠራቻቸው። አንዲትም አልመጣች። እጇን ባጣች ጊዜ ያልወጣው እንባ አሁን ወረደ።

ባሻ መቅዘፊያውን ያሻሻሉ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አለች ፊቷን እየጠረገች፤ «ይቅዘፉ ባሻ፣ አናስቸግራቸው።»