ለሞተ ሰው ሰንበት አይሻርም

የአይሁድ መምህሩ ረቢ ፊንሐስ መጻሕፍት ቤታቸው ውስጥ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። ቅዳሜ ማታ ሰንበት አልቆ እስኪሰበር ድረስ በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ የት ተገኘ መሰላችሁ? የልጃቸው የዲቦራ ሽርጥ ኪስ ውስጥ!

እሑድ ጠዋት፣ ኢየሩሳሌም ያለው ቤታቸው። ዲቦራ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላለች። በሩ ላይ ፖሊስ፣ መንገዱ ላይ ሐሜተኛ፤ መሄጃ የላትም።

«ዓርብ ማታ ምን ሆነ?» አለቻት መርማሪዋ ዚቫ።

«አባዬ ለራት ሲቀር አንኳኳሁ። ዝም። ከበሩ ሥር ደም አየሁ። በሩን ልሰብር መጥረቢያ ሳነሳ መምህር ገዳልያ ያዘኝ።»

ገዳልያ የረቢው የመጀመሪያ ተማሪ ነው፤ የሃይማኖቱን ሕግ ያስተምራል። «የዓርብ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ገብቶ ነበር» አለ ጢሙን እየዳበሰ። «ለሞተ ሰው በር አይሰበርም፣ ስልክ አይነካም። የተጻፈ ነው።»

«እኔማ በሩን ስበሩ ብዬ ጮኼ ነበር!» አለች ጎረቤታቸው አክስት ፍሩማ። «ይሄ ጢም ብቻ! ሴት ምን ታውቃለች ብሎ አፌን አስያዘኝ።»

ዚቫ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «መምህር፣ በሰንበት ቤት ሰው ላይ ቢናድስ?»

«ይቆፈራል።»

«መሞቱ ቢያጠራጥርስ?»

«ያኔም ይቆፈራል።»

«እስከ የት?»

«እስከ አፍንጫው። ትንፋሹ እስኪፈተሽ።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ዚቫ። «ሽርጡ ወጥ ቤት ተሰቅሎ ነው የዋለው፤ ቁልፉን ማንም ይከተዋል። ገዳይዋ ዲቦራ ብትሆን ደግሞ በሩን ልስበር ብላ ትታገላለች? እርስዎ ግን አፍንጫቸውን ሳያዩ ሞተዋል ብለው ፈረዱ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው በጥርጣሬ ሰንበትን ይሽራል። እርስዎ ጥርጣሬ አልነበረዎትም። ከተቆለፈ በር ኋላ ያለ ሰው መሞቱን ማን ነገረዎት?»

«የመምህርነት ወንበራቸውን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነበር» አለ ገዳልያ። «ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የመታኋቸው። ሰንበትን አልሻርኩም።»

«ወይ ጉድ!» አለች ፍሩማ። «ነፍስ አጥፍቶ ሰንበት ያከብርልናል!»

«ፈርደውም ተሳሳቱ» አለች ዚቫ። «ሐኪሙ እስከ ቅዳሜ ንጋት ይተነፍሱ ነበር ብሏል።»

ፖሊሱ ገዳልያን ይዞ አወጣውና ወደ ዲቦራ ዞሮ «ነፃ ነሽ፣ መሄድ ትችያለሽ» አላት።

አልተነሳችም።

«ሳንኳኳ» አለች ዚቫን እያየች፣ «አባዬ ይሰማኝ ነበር ማለት ነው?»