እገዳው የተነሣለት ወንድም

ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ ሠላሳ ዓመት የኖረው ባለሙያ በገዛ ዎርክሾፑ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ለረፋዱ አራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምቷል። ሐኪሙም ሰውየው ወዲያው እንደ ሞተ መሰከረ፤ ነገር ግን ክንዱ ላይ የጣት ምልክት አይቷልና «ወድቆ ነው» ብሎ ለመፈረም እጁ እንቢ አለው።

ስለዚህ መርማሪዋ ተጠራች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ አሳልፋ ጠጠሩን ታስቀራለችና።

አስቀድማ የሟችን ሸሪክ ጠየቀች። እሱም የቆየ ቂም ተረከላት። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሟች አሮጌ ብረት ቀለም እየቀባ ይሸጣል የሚል ስም የለሽ ደብዳቤ ለደንበኞች ተበተነ። ሟችም ጸሐፊው አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው ብሎ አባረረው፤ የሙያ ሰዎች በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይም ብሎክ አደረገው። የታናሹን ቦታ ሸሪኩ ያዘ።

«እስከ ዛሬ እንደ ዘጋው ነው» አለ ሸሪኩ። «ካላመኑኝ ኮምፒውተሩን ይዩት። የወንድም ቂም ክፉ ነው፣ እመቤቴ።»

የሟች ሚስት ግን ሌላ ነገር ነገረቻት። ባሏ በየዓመቱ አባታቸው በሞተበት ቀን እገዳውን ያነሣል፤ የታናሹን ፎቶና አዲስ የሠራቸውን እግሮች ሲያይ ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን መልሶ ይዘጋዋል።

«ለምን በሦስተኛው ቀን?»

«ወዲያው መዝጋት አይቻልማ። ድረ ገጹ ሁለት ቀን ጠብቅ ይላል። ‹በዚህ ሁለት ቀን አንድ መስመር ጻፍለት› ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ‹ታናሽ እሱ ነው፤ እሱ ይጀምር› ይለኛል።»

ታናሹ ከሌላ ከተማ የስድስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ደረሰ። የዚያን ዕለት ረፋድ በሚሠራበት ሆስፒታል የታካሚ እግር ሲለካ ብዙ ሰው አይቶታል። እሱም አላለቀሰም፤ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። በዚያው ጠዋት ገጹን ከጎበኙት መካከል የወንድሙን ስም አየ፤ ቀኑ እንደ ወትሮው የአባታቸው ሙት ዓመት አልነበረም። የስድስት ዓመት ኩራቱን ዋጠና እንዲህ ጻፈ፦ «ጋሼ፣ ደብዳቤውን እኔ አልጻፍኩም። ስላባረርከኝም ይቅር ብዬሃለሁ።» ከሥሩ «ተነቧል» ይላል።

«ይቅር ማለቴን አውቆ ሞተ» አላት። «ይህችን መጽናኛ ይዤ እቀብረዋለሁ።»

ወንፊት ስልኩን መለሰችለት። መልእክቱ የተላከበትን ሰዓት ግን አይታው ነበር።

በማግስቱ ሦስቱንም ዎርክሾፑ ውስጥ፣ ገና ባላለቁት እግሮች መካከል ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ሦስት ሰዓት ላይ እገዳውን አነሣ» አለች። «ለአራት አሥር ጉዳይ ሞተ። አራት ከሃያ አምስት ላይ ግን፣ ታናሹን መልሶ ብሎክ ለማድረግ ፎቅ ላይ ባለው የሟች ኮምፒውተር የሞከረ ሰው አለ። ድረ ገጹ ‹ሁለት ቀን ይጠብቁ› ብሎ መልሶለታል። ጽሑፉን እስክሪኑ ላይ አገኘሁት።»

ሙት አይዘጋም። ታናሹ በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ነበር። ሚስቲቱ የሁለቱን ቀን ደንብ ስለምታውቅ በከንቱ አትደክምም። ቂሙ ያልበረደ እንዲመስል፣ ጥርጣሬውም ወደ ታናሹ እንዲዞር የፈለገ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ቁልፉን ተጭኖ መልሱን ሳይጠብቅ የወጣ ነው።

ወደ ሸሪኩ ዞረች። «‹እስከ ዛሬ እንደ ዘጋው ነው› ስትለኝ፣ በእጅህ የዘጋኸው መስሎህ ነበር።»

«የዚያን ስም የለሽ ደብዳቤ ረቂቅ ከመሳቢያዬ አግኝቶ ነበር» አለ ሸሪኩ። «ለወንድሜ እጽፍለታለሁ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ክንዱን ያዝኩት። ታገለኝ፤ ገፋሁት።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል ነበር» አለች ሚስቲቱ በዝግታ። «ይሄኛው ራሱ ቀድዶ ራሱ ገባ።»

ፖሊሶች ሸሪኩን ይዘውት ወጡ። ታናሹ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«የእኔን መልእክት ማን ነው ያነበበው?» ሲል ጠየቀ።

ወንፊት ይህን ጥያቄ ስትፈራው አድራለች። የሞቱን ሰዓት ሳትጠራ ነፍሰ ገዳዩን የምትይዝበት መንገድ ፈልጋ አጥታለች። «የላክኸው አራት ከሃያ ላይ ነው» አለችው። «ያነበበው እሱ ነው።»

ሚስቲቱ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች። «ንጹሕ መሆንህን ግን አውቋል፣ ወንድምዬ። አውቆ ነው የከፈተልህ።»

«እሱማ አወቀ፣ እትዬ» አላት። «ይቅር እንዳልኩት ግን ሳያውቅ ሞተ።»