አልጋዬን ይዤ እመጣለሁ

ተጠንቅቆ ሰው የሚጎዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሰክሮ የሚደበድብ አለ፤ ቀንቶ የሚመርዝ አለ፤ ዋሽቶ የሚዘርፍ አለ፤ እነዚህን ሁሉ ፖሊስ ያውቃቸዋል። እያሰበላችሁ፣ እየተጨነቀላችሁ፣ ብርድ እንዳይመታችሁ ኮት እየደረበላችሁ ዕድሜያችሁን የሚበላውን ሰው ግን ማን ይከሰዋል? ቨርን ተትል እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። እዚህ ምሥራቅ ኦሪጎን፣ ቤከር ሲቲ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የተማሪዎች አውቶብስ ሲነዳ የኖረ፣ ጠዋት ጠዋት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞሮ ሳያይ ሞተር የማያስነሳ ሰው ነው። አንድም ልጅ ጭረት ሳይነካው ለወላጆቹ አስረክቧል። ከተማው ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ግን አላመሰግነውም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሚስቱ አይላ ትባላለች። የተወለደችው ትልቁ ወንዝ ከባህር በሚገናኝበት በአስቶሪያ ነው፤ ከፊንላንድ ከመጡ ዓሣ አጥማጆች ዘር ናት። ቨርን አግብቶ ወደዚህ ደረቅ አገር ካመጣት ጀምሮ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ሞቴል የሰው አልጋ ስታነጥፍ፣ የሰው መታጠቢያ ስትፈገፍግ አረጀች። ልጅ አልወለዱም። ከቨርን ሌላ በዚህ ዓለም የቀረቻት ሄልሚ የምትባል አንዲት ታላቅ እህት ብቻ ነበረች፤ እሷም አስቶሪያ በእናታቸው ቤት ከአንድ ወንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ሁለቱ እህትማማቾች ደግሞ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ዘመን አልፏቸዋል።

ነገሩ የተበላሸው እናታቸው በታመሙ ጊዜ ነው። ሄልሚ ደውላ፣ «ዛሬውኑ ድረሺ፤ ስምሽን እየጠራች ነው» አለቻት። አይላ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ውጭ በረዶ ይወርዳል። ቨርን የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ፣ «ተራራው ላይ መንገዱ ይጠረግ፤ ነገ በሰላም እንሄዳለን» አላት። በነጋታው ሌላ በረዶ ወረደ፤ ቀናት አለፉ። አስቶሪያ ሲደርሱ እናትየው ተቀብረዋል! ሄልሚ በሩን በሰውነቷ ዘግታ፣ «ከእንግዲህ ከዚህ ጣሪያ ስር አታድሪም!» ብላ ጮኸች። አይላም በእልህ ከእህቷ የማታንስ ናትና፣ «ብሞት አላድርም!» ብላ ማለች። ሁለቱም ቃላቸውን አከበሩ። ምነው ሌላ ሌላውን ቃል ሰው እንዲህ ቢያከብር! በዚያን ቀን ቁልፉን የያዘው ቨርን መሆኑን ግን አንዳቸውም አላነሱም፤ እሱም ዝም አለ።

ከዚያ በሽታው መጣ። መጀመሪያ የአይላ ቀኝ እጅ ቡና ስትቀዳ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ፊቷ ደረቀ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን መሆኑን ነግሯት፣ «በእግርሽ እየሄድሽ ሳለ ማየት የምትፈልጊውን ሁሉ እዪ» አላት። ማየት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግን የት ትደር? የእህቷ ጣሪያ በሁለት መሐላ ተዘግቷል። ሞቴል እደሪ እንዳትባል፣ «የሞቴል አልጋ ምን እንደሚወርድበት እኔን ጠይቁኝ፤ ዕድሜ ልኬን ያጠብኩት እኔ ነኝ» ብላ የሰው አፍ ትዘጋለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ አንድ ፒክአፕ መኪና ጀርባው ላይ ትንሽ ቤት ጭኖ ቆሞ አየች፤ አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ በር ያለው ቤት። ካምፐር ይሉታል። እዚያው መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። መፍትሔው እሱ ነበራ! ቨርን ለፒክአፑ ልክ የሚሆን ካምፐር በዋሽንግተን ግዛት ካለ አንድ ፋብሪካ አዘዘ፤ አይላም ከስንት ዓመት በኋላ ለእህቷ ስልክ ደወለች።

«ሄልሚ፣ እኔ ነኝ።»

«ሞተሻል ብዬ ነበር።»

«ገና ነኝ። ልመጣ ነው።»

«ቃሌን አላጥፍም። ቤት አትገቢም።»

«ቤትሽን ማን ጠየቀ? አልጋዬን ይዤ እመጣለሁ። ግቢሽ ውስጥ ቆሜ በገዛ ጣሪያዬ ስር አድራለሁ። ጠዋት ስትወጪ ታዪኛለሽ።»

ሄልሚ ሳቋ አመለጣት። ቶሎ ዋጠችውና፣ «መቼ?» አለች።

«ለመስከረም ይደርሳል ብለውናል።»

«እንዳታረፍጂ። ማርፈድ ትወጃለሽ።»

መስከረም መጣ፤ ካምፐሩ አልመጣም። የማቀዝቀዣው ዕቃ ጠፋ አሉ። ቀጥሎ መስኮቱ ገና መርከብ ላይ ነው አሉ፤ ቀጥሎ ሠራተኞቹ ለቀቁ አሉ። ከወረርሽኙ በኋላ አገሩ ሁሉ ምክንያት ብቻ የሚያመርት ሆኖ ነበርና ማን ይጠይቃቸዋል? ቀብድ ተቀብሎ መተኛት እንደ ሙያ የተቆጠረበት ዘመን! አይላ ራሷ ብትደውል የሽያጭ ክፍሏ ልጅ፣ «ትእዛዙ በባለቤትዎ ስም ስለሆነ ከእሳቸው ጋር ነው የምነጋገረው» ብላ መለሰቻት። በመጨረሻ ለሚያዝያ ቁርጥ ቃል ሰጡ። አይላ ለእህቷ ነገረቻት፤ ሄልሚም «እሺ» አለች፤ ቀዝቀዝ ብላ፣ ግን እሺ አለች።

ጥር ላይ አይላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ የተሰበረው የቨርን ልብ ነው። የካምፐሩን ንድፍ አውጥቶ ተመለከተ። አልጋው ከሹፌሩ ክፍል ጣሪያ በላይ ነው፤ የሚወጣው በመሰላል ነው። አይላ ከዚያ መሰላል ላይ ስትወድቅ በሐሳቡ አየ። ወደ ጓሮ ወጥቶ ለፋብሪካው ደወለ።

«አልጋው ወደ ታች ይውረድልኝ» አለ።

«አቶ ቨርን፣ የእርስዎ እኮ ተገጣጥሟል» አለችው ልጅቷ። «ይቀየር ካሉ ይህንን ለሌላ ሰው ሰጥተን እርስዎን ከሰልፉ መጨረሻ ነው የምናስገባዎ።»

«ግድ የለም» አለ። ግድ የለም! ማንን አማክሮ? ወደ ቤት ገብቶ ሚስቱን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «አዘገዩት አሉ፤ ለመኸር ነው» አላት።

አይላ ስልኩን አንስታ ለሄልሚ ነገረች። ሄልሚ ፈነዳች። «ውሸታም! የእማዬን ቀን ነው የደገምሽልኝ! ያኔ በረዶ፣ አሁን ፋብሪካ! አልመጣም ካልሽ አልመጣም በይ፤ በአናጢ አታመካኚ!» ስልኩ ተዘጋ። አይላ ለብዙ ሰዓት ከወንበሯ አልተነሳችም። ስትነሳ፣ «ከእንግዲህ የምደውልላት ግቢዋ በር ላይ ቆሜ ነው» አለች። ቨርን ይህን ሰማ። ሰምቶ ዝም አለ! በዚያች ደቂቃ አፉን ከፍቶ፣ «ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ደውዪና ንገሪያት» ቢል ኖሮ... ግን አላለም። የእራቷን ሥጋ ቆራርጦ፣ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋላት።

በጋው ሲመጣ ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ። ቨርን በሩ ይስፋ፣ መደገፊያ ብረት ይግባ ብሎ ደወለ፤ እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ። በሚቀጥለው ክረምት ደረጃው ከፍ ብሎ ታየው፤ ዝቅ ይበል ብሎ ደወለ፤ እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ። አይላ እራት ላይ ፋብሪካውን ትረግማለች። «የኖኅን መርከብ ነው እንዴ የሚሠሩት? ሌቦች! እጃቸው ይድረቅ!» ትላለች። የምትረግመው እጅ ከፊቷ ተቀምጦ ድንች ይልጥላት ነበር።

አስቶሪያ ያለችው ሴትዮስ? ሄልሚ ስልኩን በዘጋች ማግሥት ግቢዋ ውስጥ አፈር አስቆፍራ ጠጠር አስደፋች፤ ለካምፐር ልክ የሚሆን። ከቤቷ መብራት የሚሳብበት ግንድም አስተከለች። በባህሩ ዝናብ አረሙ በጠጠሩ መሐል ብቅ ባለ ቁጥር በባለጥርሱ መጥረጊያ ትቧጥጠዋለች። ውሸታም ያለቻትን እህቷን እንዲህ አድርጋ ትጠብቃት ነበር፤ ስልክ ለማንሳት ግን እልኳ አልፈቀደላትም።

በመጨረሻ፣ በሦስተኛው መስከረም፣ ካምፐሩ አልቋል ተባለ። አይላ የራሷን አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በሻንጣ ይዛ ሄደች። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ፒክአፑ ላይ ተጭኖ ስታየው እንደ ሕፃን በእጇ ዳበሰችው። የሠራተኞቹ አለቃ ደስ የሚል ሰው ነበር፤ ክፋት አላሰበም። ቁልፉን እየሰጠ ይቅርታ ጠየቃት። «ብዙ ጠበቁን እመቤቴ። የመጀመሪያው እንኳ አምና ለሚያዝያ ደርሶልዎ ነበር፤ ባለቤትዎ አልጋውን ሲያስቀይሩ ለአንድ የሞንታና ሰው ሸጥነው።»

መኪናው ውስጥ ገብተው አይላ በሩን ዘጋች።

«ስንት ጊዜ አስቀየርክ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ለምን?»

«ወደቅሽ... መሰላሉን አትችይውም ብዬ...»

«እየዳህኩ እወጣው ነበር! ካቃተኝም ወለሉ ላይ እተኛ ነበር! አንተ አልጋ አይደለም ስታሠራ የከረምከው። ገና በቁሜ ሬሳዬን ነው ስትለካ የነበረው!»

«እንዳትሰበሪብኝ ነው፣ አይላ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔስ ማን ነበረኝ? ንዳ!»

ነዳ። መታጠፊያ ላይ ሲያቀዘቅዝ «ንዳ!» ትለዋለች፤ ዝናብ ሲጀምር «ንዳ!» ትለዋለች። ከሰዓት በኋላ አስቶሪያ ገቡ። የእናቷ ቤት አሮጌ ቀለሙን እንደለበሰ ኮረብታው ላይ ቆሟል። ከጎኑ ያንን የጠጠር ቦታ አየችው፤ ንጹሕ፣ ነጭ፣ የመብራት ግንድ ያለው። ያ የደረቀ ፊቷ ተንቀጠቀጠ። «ቦታ ሠርታልኛለች! ቨርን፣ እህቴ ቦታ ሠርታልኛለች!» የተናደደችበትን ባሏን ክንዱን ለአፍታ ጨበጠች። ከዚያ እንደ ቃሏ በሩ ላይ ቆማ ደወለች። ስልኩ ከቤቱ ውስጥ ሲጮህ ይሰማል። ጮኸ... ጮኸ... ማንም አላነሳውም። በሩ ተከፍቶ የወጣው ኩርት፣ የሄልሚ ልጅ ነበር። ጢሙ አድጓል።

«አሁን መጣችሁ?» አለ።

«እናትህ የት አለች?»

«ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። ልቧ ነው።»

አይላ ስልኩን ኪሷ ከተተች። «ለምን አልደወልክልኝም?»

«አንቺ ቀብር አትደርሺም ብዬ ነዋ!»

ይህን ከተናገረ በኋላ ራሱ ደነገጠ። ጠጠሩ ዳር የተጋደመውን መጥረጊያ አይቶ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «እዚህ ነው ያገኘኋት፣ አክስቴ። መጥረጊያው ከእጇ አልወጣም ነበር። 'አረም ከበቀለበት ያቺ ጉረኛ ትስቅብኛለች' ትል ነበር። እደውልላታለሁ ስላት፣ 'ተዋት፣ ትመጣለች፤ እልኸኛ ናት እንጂ ትመጣለች' ትለኝ ነበር።»

ቨርን ምን ያድርግ? የሚያውቀውን አደረገ። የካምፐሩን ሰፊ በር ከፈተ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ ዘረጋ፣ መደገፊያውን ነቅነቅ አድርጎ መጥበቁን አረጋገጠ። ሁሉም ነገር ልክ ነበር። «ነይ፣ ትንሽ ጋደም በይ» ብሎ እጁን ዘረጋላት። አይላ እጁን አየችው። እግሯን እየጎተተች በአጠገቡ አልፋ ወደ ቤቱ በር አመራች።

«አክስቴ፣ እማዬ እኮ...» አለ ኩርት።

«አውቃለሁ፤ ከልክላኛለች። ትምጣና ታስወጣኛ!»

ሁለቱ እህትማማቾች በልጅነታቸው ይተኙበት የነበረው ክፍል ላይኛው ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ መደገፊያም የለው። አይላ በጉልበቷ ተንበረከከች። በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች መውጣት ጀመረች። ቨርን ከሥር ሆኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ትወድቂያለሽ!» ሲል፣ «እንዳትነካኝ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣበት። አንዱን ደረጃ ያዘች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጣዩን ያዘች። እያለከለከች፣ እያለቀሰች፣ ወጣች! ቨርንም ከሥር ሆኖ እስከ መጨረሻው አያት። መሰላሉን ትችለው እንደነበር ገባው። የሰው ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር የሚረዳው ለምን ከረፈደ በኋላ ብቻ ይሆን?

ላይ፣ በዚያ ክፍል፣ የሄልሚ አልጋ እንደተነሳችበት ነበር፤ አንሶላው ተጨማድዷል፣ ትራሱ ላይ ሽበት ቀርቷል። የሰው አልጋ ትጸየፍ የነበረችው አይላ ፊቷን እዚያ ትራስ ውስጥ ቀበረች። ተኩሳ ያመጣችው አንሶላ ታች በሻንጣ ቀረ።

ሰዎች ዕጣዋ ነው ይላሉ። የትኛው ዕጣ? ዕጣማ ሚያዝያ ላይ አልጋውን ሠርቶ ጨርሶላት ነበር! የዘገየው መስኮት፣ የጠፋው ዕቃ፣ ሰነፉ ፋብሪካ ሁሉ ተደምረው ያላደረጉትን ያደረገው የሚወዳት ሰው ነው። እግዚአብሔር ከጠላት ይጠብቀን ብለን እንጸልያለን፤ እንዲህ ከሚወደን ሰው ማን ይጠብቀን? እሱም ያሳዝነኛል፤ አሳዝኖኝም ልምረው አልቻልኩም።

አይላ ከዚያ ቤት አልወጣችም። ኩርት ምግቧን ወደ ላይ ያወጣላታል፤ መስኮቷ ከጠጠሩ በላይ ነው፤ መጋረጃው ግን አይከፈትም። ቨርን ከታች ካምፐሩ ውስጥ፣ ለሷ ባስወረደው አልጋ ላይ ብቻውን ያድራል። ጠዋት ሲነሳ ወጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞሮ ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን ያያል፤ ተመልሶ ይገባል።