ጎረቤትህ ማንን ይመርጣል?

ሙሉብርሃን ቦንጋ ከተማ ውስጥ በተከራየው ክፍል አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ራስጌው የፀረ ተባይ ጠርሙስ ቆሞ ነበር። ከተማው ወዲያው ፈረደ፦ መርዝ ነው። እራቱን ያመጣለት ረዳቱ ሰብሃት ነበርና እሱን ጎትተው አሰሩት። ለማሰብ ማን ጊዜ አለው?

ኢንስፔክተር ምሥራቅ ግን የሟቹን ከንፈር ገልጣ አየች። በውስጥ በኩል በገዛ ጥርሱ ተቦጭቋል። ትራሱን ገለበጠችው፤ የደም እድፍ አለበት። አሽጋ ወሰደችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ሙሉብርሃን ዕድሜውን የፈጀው ሕዝብ ማንን እንደሚመርጥ ለእጩዎች በማጥናት ነው። እሱ «ይህ ያሸንፋል» ያለውን እጩ ሰው ሁሉ ተግተልትሎ ይከተለዋል፤ እጩዎች ለቁጥሩ የሚሻሙት ለዚህ ነው። ዘንድሮ የቀጠረው እጩው ፈለቀ፣ የራሱ ፎቶ በተለጠፈበት መኪና ማንኪራ ወደሚባል የገጠር ቀበሌ ላከው። በዚያ መኪና ለመጣ እንግዳ ማን ክፉ ይመልሳል? ሁሉም «ፈለቀን» አለ። ሙሉብርሃን ነገሩ አልጣመውም። ከሰብሃት ጋር በእግሩ ተመልሶ፣ ጎረቤትህ ማንን ይመርጣል እያለ ጠየቀ። ሰው ስለ ራሱ ይሸፋፍናል፤ ስለ ጎረቤቱ ሲሆን ምላሱ ይፈታል። በዚህኛው ቆጠራ ፈለቀ ወደቀ። ሙሉብርሃንም የፊተኛውን ውጤት አላስነግርም አለ።

ይህን ለምሥራቅ የነገራት እስረኛው ሰብሃት ነው። ዘዴውን ወሰደችው። ሰብሃትን፣ ፈለቀንና የፈለቀ የቅስቀሳ ኃላፊ የሆነችውን ኑኃሚንን ለየብቻ አስቀምጣ፣ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ሌላው ቢገድል እንዴት ይገድል እንደነበር ጠየቀቻቸው። ከዚያ ሦስቱንም አንድ ክፍል ሰበሰበች።

«ወይዘሮ ኑኃሚን፣ ሰብሃት መርዙን ወጡ ውስጥ ጨመረ አሉኝ። ሰብሃት ደግሞ እርስዎ ቢራው ውስጥ ጨምረው ይሆናል አለ። ጋሽ ፈለቀ፣ እርስዎ ምን ነበር ያሉት?»

«ረሳሁት።»

«‹ሰብሃት ጉልበታም ነው፣ በትራስ አፍኖት ይሆናል› አሉኝ። ትራሱን የምናውቀው እኔና ገዳዩ ብቻ ነን። ጠርሙሱን ለወሬ አቆሙት፤ ወሬው ከተማውን ሁሉ አሳመነ፣ እርስዎን ብቻ ሳያሳምን ቀረ።»

ፈለቀ እጆቹን አየ። «ሕዝቡ አይፈልግህም አለኝ» አለ። «በገዛ ገንዘቤ ቀጥሬው።»

ወሰዱት። ሰብሃት ተፈታ። በሩ ላይ፣ ትናንት ገዳይ ያለችው ኑኃሚን ጠበቀችው፤ ለአዲሱ እጩ ጥናት እንደሚያስፈልግ፣ የእጩው ፎቶ የተለጠፈበት መኪናም እንደተዘጋጀ ነገረችው።

የሰብሃት አለቃ የመቃብር አፈር እንኳ አልደረቀም።

«መቼ ልጀምር?» አላት።