የአማቴ ጣት

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን ቤተ እስራኤል በመሆናችን እኛኑ ቡዳ ይሉን ስለነበር፣ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ትቼ ነው የምሄደው። ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመኑኝ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ስፌት ፋብሪካ እሠራ ነበር፣ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ። ምጡ ጠዋት ጀመረኝና ከአማቴ ከእማማ ተዋበች ጋር በእግር ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄድን፣ ምጡ ግን ገሰገሰ፣ የዚያን ዕለት የጣለው ዝናብም መንገዱን ወንዝ አድርጎት ወደ ሆስፒታል የሚወስደኝ አምቡላንስ ቀረ። እማማ ተዋበች በልጅነታቸው ኩፍኝ ታመው ሁለቱም ጆሯቸው ደንቁሯል፣ ከኋላቸው በር ቢላተም አይዞሩም፣ የምናነጋግራቸው በእጅ ምልክት ነው።

አዋላጇ ሪና የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች። «እርግዝናሽ ጤነኛ ነው፣ ማሽን አያስፈልግሽም፣ በየሩብ ሰዓቱ እኔ አዳምጠዋለሁ» አለችኝ በዕብራይስጥ። ቀንድ የመሰለች የእንጨት ማዳመጫ ሆዴ ላይ ተክላ ጆሮዋን ታስደግፍባታለች፣ ሰዓቷን እያየች የልጁን የልብ ምት ትቆጥራለች።

እማማ ተዋበች ከግርጌዬ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ቁርጭምጭሚቴን ይዘው፣ በሌላው ጣታቸው የአልጋውን ብረት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል፣ ቶሎ ቶሎ። ጭንቀት ነው ብዬ ተውኳቸው። ሪና ግን እያዳመጠች ዓይኗ እዚያች ጣት ላይ ቀረ።

«ምን እየሰሙ ነው?» አለችኝ።

«ምንም፣ ጆሯቸው አይሰማም» አልኳት።

እንደገና አዳመጠች። «የጣታቸው ምት ከልጁ ልብ ጋር እኩል ነው» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ያቺን ጣት ስናይ ቆየን። አንድ ጊዜ፣ የማዳመጫው ሰዓት ገና ሳይደርስ፣ ጣቲቱ ዘገየች። ሪና ፈጥና አዳመጠችና «የልቡ ምት ቀንሷል፣ በግራ ጎንሽ ተኚ» ብላ አገላበጠችኝ። ምጡን ረሳሁት፣ ትንፋሼን ይዤ ያንን ብረት ብቻ አዳምጣለሁ፣ ቆይታ ቆይታ ጣቲቱ ፈጠነች፣ ሪናም ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ወዲያው አለቀሰች፣ ደህና ነበረች።

ጣቲቱ ግን አላቆመችም። ሪና የሕፃኗን ደረት በመዳፏ ዳሰሰች፣ ከጣቲቱ ጋር አይገጥምም። የእኔን ክንድ ይዛ የደም ምቴን ቆጠረች፣ እሱም አይደለም። ከዚያ ያቺን የእንጨት ቀንድ ባዶ ሆዴ ላይ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አዳመጠች፣ ቀና ስትል ከንፈሯ ነጥቶ ነበር።

«ምን ሰማሽ?» አልኳት። ማዳመጫዋን ቦርሳዋ ከተተች።

እማማን በእጄ «የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም።

«እሱ ገና የሚመጣው ነው፣ ልጄ» አሉኝ በምልክት።

በዓመቱ አረፉ። እኔም ከዚያ ወዲህ አልወለድኩም።