ከወንዙ ዳር የተረፉት

መርማሪዋ ስደተኞቹ ወደሚሰባሰቡበት አዳራሽ ስትደርስ፣ ሽማግሌው ጸሐፊ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነበሩ። ወረቀት እንዳይበር የሚጭኑበት ብረት ደም ለብሶ አጠገባቸው ወድቋል። የተመቱት ከኋላ ነው። መነጽራቸው ታጥፎ ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ የትግል ምልክት የለም። ገዳያቸውን አምነው ጀርባቸውን ሰጥተውታል ማለት ነው።

ሟቹ በጦርነቱ ጊዜ በወንዙ ዳር ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ ከአገራቸው ልጆች ቃል ሲቀበሉ ከርመው፣ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ቀናት ቀርቷቸው ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ማጅራታቸው ገና መላጨቱ ነው፤ ኮሌታቸው ውስጥና ከወንበራቸው ሥር የተቆረጠ ሽበት አለ። ከዚያ የምስክርነቱን መዝገብ ገለጠች። አንድ ገጽ ተገንጥሏል፤ ማውጫው እንደሚለው የአንዲት ልብስ ሰፊ ቃል ነበር።

የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ፀጉር አስተካካይ ባሏና አንድ የአውቶቡስ ሾፌር።

«ትናንት ከጋሼ ጋር ተጨቃጭቀሃል ይባላል» አለችው ሾፌሩን።

«አዎ። የወንድሜን ስም ከሟቾች ዝርዝር አውጡልኝ አልኳቸው። እናቴ አሁንም ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። እምቢ አሉኝ። ከዚያ ተረኛ ነበርኩ፤ ከመሪ አልወረድኩም።»

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ውስጥ ፎጣ እያጣጠፈ ነበር።

«ጋሼን ካየኋቸው ሳምንት ሆኖኛል» አለ ቀና ሳይል።

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ እጇን አላነሳችም።

«ለጋሼ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ ሸምበቆ ውስጥ ተደብቄ ነበር» አለች። «ያየሁት ወንዙ ዳር የተደረደሩትን ሰዎች ጀርባ ብቻ ነው። እናቴ ከዳር ሦስተኛዋ ነበረች፤ የለየኋት ቀሚሷ ጀርባ ላይ በጣፍኩት እራፊ ነው።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱም እዚያው ሸምበቆ ውስጥ ነበር። የተዋወቅነው ግን እዚህ ነው። ከወንዙ የተረፍነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ያ ነው ያጋባን። ቤት ውስጥ ላናነሳው ተማምለናል። ልጆች አሉን።»

ከምሳ በኋላ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሾፌሩ ሥራ ላይ እንደነበር ተረጋግጧል» ብላ ጀመረች። «የጠፋው ገጽ የልብስ ሰፊዋ ስለሆነ እሷን ጠርጥሬ ነበር። ግን ቃሏን ለጠየቃት ሁሉ የምትናገር ሴት ገጿን ምን ብላ ትገነጥላለች? ገጹ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «ሰው መነጽሩን አውልቆ ማጅራቱን የሚሰጠው ለእርስዎ ዓይነቱ ባለሙያ ነው።»

«ሌላ ቤት ተቆርጠው ይሆናላ።»

«ሽበቱ ያለው ከዚህ ወንበር ሥር ነው።» መዝገቡን ገለጠች። «ይሄ የእርስዎ ቃል ነው፤ ‹ሸምበቆው ውስጥ ሆኜ አየሁ። ከዳር ሦስተኛዋ ሴት ዓይኗን ጨፍናለች።› ሸምበቆው ያለው ከሰዎቹ ጀርባ ነው። ፊታቸውን ያየ ፊት ለፊታቸው የቆመ ነው። እዚያ የቆሙት ደግሞ ተኳሾቹ ብቻ ናቸው።»

መዝገቡን ዘጋችው።

«ሽማግሌው ገና አልገባቸውም ነበር። የባልና የሚስት ቃል አልገጥም ቢላቸው፣ አስተካክልልኝ ብለው ሁለቱን ገጽ ሳያሳዩዎት አልቀሩም። የራስዎን ቢገነጥሉ ይጋለጣሉ። ሚስትዎን ማስጠርጠር ቀለለዎት።»

ፀጉር አስተካካዩ ተቀመጠ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለ። «ተኩስ አሉኝ።»

ሚስቱ አላለቀሰችም።

«ዓይኗን ጨፍና ምን ታደርግ ነበር?»

«ስም ትጠራ ነበር።»

«የማንን?»

«ያንቺን። እኔ ግን ያወቅኩት እዚህ መጥተን ስምሽን የነገርሽኝ ቀን ነው።»

«አውቀህ አገባኸኝ» አለች፤ አልጠየቀችውም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ልጆቹ በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ከዚያ በፊት እሱን ውሰዱልኝ።»